የአባቴ ቮልስ

ዛሬ ስለ መኪና ልጽፍላችሁ ነው። «የፓስተር ሚስት ስለ መኪና ምን አገባት?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ባለቤቴም ርእሱን ስነግረው ስቆብኛል። ነገር ግን በእኛ በቀራንዮ አካባቢ ብትዘዋወሩ በብዙ ግቢ ውስጥ በላስቲክ የተሸፈነ የአባት ወይም የአያት መኪና ቆሞ ታያላችሁ። ልጆች አድገው «እናሳምረው» ይላሉ፤ ወላጅ «ይሸጥና ቦታው ይለቀቅ» ይላል። ከዚያ ጠብ ነው። በእኛም ቤት እንዲህ ሆኗል፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር።

አባቴ ቮልሷን የገዛት በ1963 ዓ.ም. ነው። ነጭ ቮልስዋገን 1300 ናት። እናቴ ከኋላ መስታወቷ ሥር የሚነጠፍ ዳንቴል ሠርታላት ነበር። ወንበሮቿ ላይ አጎዛ ነበረ፤ ከጣሪያዋ ላይ ደግሞ ለገና በግ እንኳ የሚበቃ ፖርቶመጋላ። እኛ ልጆች ሆነን የማውቃቸው የአዲስ አበባ ሰዎች መኪናቸውን የሚያስጌጡት እንዲህ ነበር። ማንም «ሞዲፋይ አደረግኩ» አይልም፤ ግን የጎረቤቱን ቮልስ ከራሱ ለይቶ የሚያውቀው በዳንቴሉ ነው።

ቮልስ በአገራችን ታሪክም ቦታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህች ትንሽ መኪና ነው። በዓለም ደግሞ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዕድሜዋን ለማወቅ የሚወድ ካለ መስታወቷን ይይ። የኋላ መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ከ1953 እ.ኤ.አ. አጋማሽ በፊት የተሠራች ናት፤ እንቁላል ቅርጽ ከሆነ እስከ 1957 ድረስ፤ አራት ማዕዘን ከሆነ ከዚያ ወዲህ ናት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። አባቴ ካረፈ በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ የእኅቴ ልጅ ሠርግ ደረሰ። ቮልሷ ለሙሽሮች ትሁን አልኩና ወደ አንድ ጋራዥ ወስጄ «ዘመናዊ አድርጉልኝ» አልኳቸው። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቀውም ነበር። እነርሱ ግን አወቁት! የሚያብለጨልጭ ቀይ ቀቧት፤ የፊትና የኋላ ፓራውልቷን አወጡ፤ ትልልቅ ቸርኬ አሰሩላት። ከስፖርቴሎው ሥር የዛገውን ብረት ቆርጦ በመቀየር ፈንታ አንድ ጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ለጠፉበት። ሠርጉ አማረ፤ ፎቶውም አማረ። የቀድሞዎቹን አራት የሚያብረቀርቁ የቸርኬ ክዳኖችና ፓራውልቶቹን ግቢ ውስጥ ቦታ ያዙ ብዬ ለቆራሌው ሰጠኋቸው። ዋጋቸውን አልነግራችሁም፤ አፍራለሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ስቱኮው አበጠ። ዝገት ከሥሩ እየበላ ነውና እርጥበት ሲያገኝ ይብሳል። ጎማዎቹ መሪው ሲዞር ፓራፋንጎውን ይፈትጉ ጀመር። ለዓመታዊው ምርመራ ስንሄድ ደግሞ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቀለም ነጭ፣ የቆመችው መኪና ቀይ! ከዚያ በኋላ ቮልሷ ላስቲክ ለብሳ ቆመች።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ልጄ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአያቱ ጋር ተቀምጦ እነዚያን ክዳኖች ሲወለውል ያደገ ልጅ ነው። ዕድሜው ሃያ ሲሞላ ቮልሷን ልሥራት አለና «ክዳኖቹ የት ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «እማዬ፣ አባባ ሲወለውላቸው የነበሩትን?» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገረኝም። እኔ ብረት የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

ከታረቅን በኋላ ስለ ነገሩ አብረን ማንበብ ጀመርን። ለካ በአሜሪካ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ወግ ያለው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርኒያ ወጣቶች የድሮ ፎርድና መርኩሪ እየገዙ ያስውቡ ነበር። ጆርጅና ሳም ባሪስ የተባሉ ወንድማማቾች ሎስ አንጀለስ አጠገብ በነበረው ጋራዣቸው ስም አውጥተዋል። አንዳንዱ ጣሪያ ቆርጦ ዝቅ እስከ ማድረግ ይደርሳል። ለዘብ ያለው አሠራር ግን የመኪናውን መልክ አይነካም፤ ጥቂት ዝቅ ማድረግ፣ ዓርማውን አንሥቶ ቀዳዳውን በቀለጠ እርሳስ መድፈን፣ ጠርዙ ነጭ የሆነ ጎማ፣ ለኋላ ጎማ ግማሽ ሽፋን፣ ጎን ላይ አንድ ተጨማሪ መብራት። ያስገረመኝ፣ የሚጨምሩትን ያህል የሚቀንሱትም መኖሩ ነው። የእኔ ጋራዥ የሠራው የዚህ ተቃራኒ ነበር።

ልጄ ዝቅ እንድትል አጥብቆ ፈለገ። ቮልስ ለዚህ ትመቻለች፤ ከኋላ የሚሸከማት የሚጠማዘዝ የብረት ዘንግ ነው፤ ዘንጉን አውጥቶ ጥቂት ጥርስ አዙሮ መመለስ ይበቃል፤ ምንም አይቆረጥም፤ ባልወደዳችሁት ጊዜም ይመለሳል። ሥራውን የያዙልን አዛውንት መካኒክ ግን ሰፈራችንን ያውቁታል። ወደ እኛ ቤት የሚያመጣውን ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎቹን አስታወሱትና «ሆዷን ልታስቀድደው ነው?» አሉት። ተስማማ፤ በምትኩ ነጭ ጠርዝ ያለው ጎማና ፖርቶመጋላው እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ዓርማውን ማንሣትም ፈልጎ ነበር፤ እሱን እኔ ከለከልኩት።

ጋሼ አንድ ነገር ላይ ግን ከማንም ጋር አይደራደሩም። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና ጎማዎች አየሩን ወደ ሲሊንደሩ የሚመሩ ናቸው። ብዙ ወጣቶች «ሞተሩ ይታይ» እያሉ ያወልቋቸዋል፤ ከዚያ ሞተሩ ግሎ ይበላሻል። የእኛዋም ሁለት ላሜራ ጎድሏት ተገኘች። ቺንጊያዋም እንዲሁ ናት፤ ማቀዝቀዣውን የምታዞረው እርሷ ስለሆነች መንገድ ላይ ከተበጠሰች እዚያው መቆም ነው፤ «እስከ አየር ጤና ልድረስ» አይባልም። ካርቡራቶሩንም ለአዲስ አበባ ከፍታ አስተካክለውልናል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተለካ ቤንዚን እዚህ ይበዛና ካንዴላውን ያጠቁረዋል።

ባለቤቴ በመካከል «ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው?» ብሎ ጠይቆናል፤ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በአገልጋይ ቤት ለመኪና ጌጥ የሚወጣ ብር ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወሰን አበጀን፤ ትልልቆቹን ቸርኬዎች ሸጥን፤ በመጀመሪያ ለፍሬንና ለዛገው ብረት፣ ከዚያ ለቀለም፣ የተረፈው ካለ ብቻ ለጌጥ። በእነዚያ ወራት ብዙ ቅዳሜ ጌጡ ዝርዝሩ ላይ ብቻ ቀርቷል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ «ሞተሯን አውጥታችሁ በባትሪ አድርጓት» ይለናል። ይቻል ይሆናል። ልጄ ግን ያን ድምፅ አያትየው መጡ ለማለት ነው የሚያውቀው፤ እኔም ሁለተኛ ጊዜ አልሳሳትም።

ቮልሷ አሁን እንደ ሊብሬዋ ነጭ ናት። ስቱኮው ተፍቆ አዲስ ላሜራ ተበይዷል። እናቴ የሠራችው ዳንቴል ከቁም ሣጥን ወጥቶ፣ ጠርዙ ተጠግኖ፣ ከኋላ መስታወቷ ሥር ተነጥፏል። ያወለቅነው ዕቃ ሁሉ፣ የማይረባ የሚመስለውም ጭምር፣ ስሙ ተጽፎበት በካርቶን ተቀምጧል፤ ይህን ያስጀመረው ልጄ ነው፤ ቁልፉንም እኔ አልያዝኩም።

ለክዳኖቹ ከልጄ ጋር መርካቶ ሄደናል። ሶማሌ ተራ አንድ አገኘን። ምናለሽ ተራ ሁለት፤ አንደኛው ጎርብጧል፤ ባትላሜራው ከውስጥ በኩል በቀስታ ቀጥቅጦ አስተካክሎልናል። አራተኛው ገና ነው። ለጊዜው በስተግራ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ባዶውን ነው፤ ልጄም ቮልሷን ሲያቆም በዚያ በኩል ወደ ግድግዳው ያስጠጋታል።