እናቴን ማን ጠየቃት?

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ታናሽ እህቴ ሜሪላንድ ነው ያለችው። በጥቅምት ትወልዳለች፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ወሬው ከተሰማ ጀምሮ የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ሌላ ነገር አያወራም፤ እማዬ ትሂድ። ማን ቲኬት ይቁረጥ፣ ማን ፎርም ይሙላ፣ ስንት ወር ትቆይ። እህቴ «ስድስት ወር፣ ከተቻለም ይራዘማል» አለች። ካናዳ ያለው የአጎቴ ልጅ «አንዴ ከገባች ምን ያስቸኩላታል፣ ዓመት ትድፈን» አለ። እኔም ከታች አውራ ጣት አስቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስንባባል ግሩፑ ውስጥ የሌለችው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እማዬ። ስልኳ ቴሌግራም አይጭንም።

ቅዳሜ ጠዋት እህል በረንዳ ሱቋ ድረስ ሄጄ ነገርኳት። ጆንያ ላይ ተቀምጣ ከአንዲት ደንበኛ ጋር በሰርገኛ ጤፍ ዋጋ እየተከራከረች ነበር። ክርክሩን ጨረሰች፣ እጇን አራገፈች፣ እልል አለች፣ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «አዲሱ ጤፍ ሲገባ እዚህ እደርሳለሁ?»

ሰፈሩን ለማታውቁት፣ ጤፍ ኅዳር ላይ ይታጨድና ታኅሣሥና ጥር ላይ ከጎጃሙም ከምንጃሩም ከአዳውም በመኪና እየተጫነ መርካቶ ይገባል። የእናቴ ዓመት የሚወሰነው በዚያ ሰሞን ነው። ከማን በዱቤ ትወስዳለች፣ ለየትኛዋ እንጀራ ጋጋሪ ታስረክባለች፣ የትኛውን ማኛ ለክረምት ታስቀምጣለች። በ1982 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ የእህል ንግዱን ሲለቀው ነው የጀመረችው። ከዚያ ወዲህ የአዲስ ጤፍ ሰሞን አምልጧት አያውቅም። እኔን የወለደች ዓመት እንኳን በአራስ ቤቷ ሆና ናሙና በመሐረብ ቋጥረው ያመጡላት ነበር ይባላል።

እኛ ደግሞ ጥር ላይ እሷን አፓርታማ ውስጥ አስቀምጠን፣ በረዶ በመስኮት እያየች ልጅ ስትይዝ ነበር ያቀድንላት።

እንግዲህ ሐሳቤን ልናገር። እናትን መጋበዝና እናትን መውሰድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሁን አሁን በግብዣ ስም የምናደርገው መውሰዱን ነው። የቱሪስት ቪዛ የሚጠየቅበት ምክንያት «አራስ ልትጠይቅ» ይባላል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ሒሳቡ የሞግዚት ሒሳብ ነው። ይሄን የምለው እህቴን ለመውቀስ አይደለም። አሜሪካ የሚሠራ ሰው በፌዴራል ሕጉ የሚያገኘው የወሊድ ፈቃድ ቢበዛ 12 ሳምንት ነው፤ እሱም ያለ ደመወዝ፣ እሱም መሥፈርቱን ላሟላ ብቻ። የሕፃናት ማቆያ ክፍያው ደግሞ ከቤት ኪራይ ጋር ይፎካከራል። ስለዚህ እናት ትመጣለች። ይገባኛል። የማይገባኝ እናትየዋን ሳንጠይቅ ወር መቁጠራችን ነው።

እኔ የዲፕሎማ መምህር ነኝ፤ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ግን እንግሊዝኛ ስለማስተምር ሰፈሩ ሁሉ ፎርም ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። «ቲቸር፣ ይቺን ሙላልኝ»። ዲኤስ-160 የሚባለውን የአሜሪካ ፎርም ስንት ጊዜ እንደሞላሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ስለዚህ በተደጋጋሚ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ግራ መጋባት ጊዜው ላይ ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው የጉብኝት ቪዛ የአንድ ጊዜ መግቢያ ሆኗል፤ የሚያገለግለውም ለሦስት ወር ነው። ሰው ይሄን ሲሰማ «እናቴ ሦስት ወር ብቻ ነው የምትቆየው» ይላል። አይደለም። ሦስት ወሩ በሩ የሚከፈትበት ጊዜ ነው። ገብታ ስንት ቀን እንደምትቆይ የሚወስነው እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያለው መኮንን ነው፤ ለጎብኚ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣል፣ የመውጫ ቀኑም አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የቪዛ ቀን ሳይሆን ይሄን ቀን ነው ማየት። ለአራስ ጥየቃ ትልቁ ጣጣ ግን ሌላ ነው፤ ቶሎ አመልክታችሁ ቶሎ ከተሰጣት፣ ልጁ ሳይወለድ ቪዛው ሊሞት ይችላል። እኛ ቀጠሮውን ለሐምሌ መጨረሻ ያደረግነው ለዚህ ነው። ከተሰጣት እስከ ጥቅምት መጨረሻ መግባት ትችላለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ታዘብኩ። ቪዛው የአንድ ጊዜ መግቢያ መሆኑ ቤተሰብን ስስታም አድርጎታል። ድሮ «ዘንድሮ ትምጣ፣ ከርሞ ደግሞ ትመለሳለች» ይባል ነበር። አሁን ከወጣች እንደገና ፎርም፣ እንደገና 185 ዶላር፣ እንደገና ቃለ መጠይቅ ነው። 185 ዶላር ማለት ደግሞ ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ ከ10 ሺህ ብር ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ቢከለከሉም አይመለስም። ስለዚህ ሁሉም «አንዴ ከገባች ትቆይ» ይላል። የአጎቴ ልጅ ንግግር ከዚህ ነው የመጣው። ሕጉ ሰዉን ቶሎ እንዲመለስ ያደርጋል ተብሎ ከሆነ፣ እኔ እያየሁ ያለሁት ተቃራኒውን ነው።

መቆየቱ ግን ዋጋ አለው። ከተሰጣት ቀን ከ180 ቀን በላይ ያሳለፈች ሰው ከወጣች በኋላ ለ3 ዓመት፣ ዓመትና ከዚያ በላይ ያሳለፈች ለ10 ዓመት አትገባም። ማራዘም የሚፈልግ ቀኑ ሳያልፍ በሕጋዊው ፎርም ይጠይቃል፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ «አላወቅንም ነበር» አይሠራም።

ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። ለስድስት ወር ብለው ሄዱ። ልጃቸው ሁለተኛ ወለደች፣ ቆዩ። ከዚያ ቀኑ አለፈ፣ ከዚያ ዓመት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ባላቸው እዚህ አረፉ። ቢመጡ ልጃቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ለ10 ዓመት አያዩም፤ ባይመጡ ባላቸውን አይቀብሩም። አልመጡም። ድንኳኑ እኛ በር ላይ ተተከለ፣ እድሩ ንፍሮውን ቀቀለ፣ እሳቸው እዚያ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጠው በስልክ አለቀሱ። ስልኩን ይዤ አስከሬኑ ሲወጣ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ምስሉ አልረጋ ሲል «ቲቸር፣ ቀና አድርገው» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን የረሳሁት እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ አውራ ጣት ያስቀመጥኩት ግን ረስቼው ነው።

ሁለተኛው ነገር ውሸቱ ነው። እዚህ ላይ ራሴም ንጹሕ አይደለሁም።

የአሜሪካ ሕግ አንቀጽ 214 ቢ የሚባል አለው። ባጭሩ፣ አመልካቹ እመለሳለሁ ብሎ እስኪያሳምን ድረስ ሊቀር እንደሚሄድ ይቆጠራል። የማስረዳቱ ሸክም በአመልካቹ ላይ ነው። የእናቴ ኑሮ ደግሞ ወረቀት ላይ የለም። የባንክ ደብተሯ ባዶ ሊባል ምንም አይቀረው፤ ገንዘቧ እህል ነው፣ ዕቁብ ነው፣ ሰው ጋ ያለ ዱቤ ነው። በቃል የምታበድረውን በቃል ትቀበላለች። ይሄን ለባዕድ መኮንን በሦስት ደቂቃ በመስኮት እንዴት ታስረዳለህ?

አንድ «አማካሪ» ጋ ሄድኩ። መልሱ ዝግጁ ነበር። ለአንድ ወር የሚቀመጥ ብር አካውንቷ ውስጥ እናስገባለን፣ የአስመጪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ናት የሚል ደብዳቤ እናጽፋለን፣ ዋጋው ይሄን ያህል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተስማምቼ ነበር። ቀብድ ልከፍል ነበር። ማታ ለእማዬ ስነግራት እንጀራዋን አስቀመጠችና «አንተ ልጅ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ሚዛን ሰርቄ አላውቅም። አሁን በስተርጅናዬ ለየትኛው ፈረንጅ ብዬ ነው የምሰርቀው?» አለችኝ። አፈርኩ። ተማሪ ሲኮርጅ ወረቀት የምቀማ ሰው ነኝ እኮ።

ነገሩ የሞራል ብቻ አይደለም። ቪዛ ለማግኘት ሐሰተኛ ነገር ያቀረበ ሰው በዚያ ሕግ ዕድሜ ልኩን ሊታገድ ይችላል። 3 ዓመት፣ 10 ዓመት የሚባል የለውም። አማካሪው ይሄን አይነግራችሁም፤ እሱ አይደለም የሚታገደው።

ስለዚህ እማዬ ያላትን ይዛ ትቀርባለች። የንግድ ፈቃዷ፣ የግብር ደረሰኞቿ፣ የቤቱ ካርታ። ሲጠይቋት «እህል ነጋዴ ነኝ፣ ልጄ ልትወልድ ነው፣ አራስ ልጠይቅ ነው፣ አዲስ ጤፍ ሳያልፈኝ እመለሳለሁ» ትላለች። ሊከለክሏት ይችላሉ። ብዙ ሐቀኛ ሰው ተከልክሎ አይቻለሁ። ቢሆንም ከተከለከለች እናቴ ሆና ነው የምትከለከለው፤ በኋላም እንደገና መጠየቅ ትችላለች።

ስለ ሌሎቹ አገሮች ለምትጠይቁኝ ባጭሩ። ካናዳ ለወላጅና ለአያት ሱፐር ቪዛ የሚባል አላት፤ ከ2014 ክረምት ጀምሮ በአንድ መግቢያ እስከ 5 ዓመት ያስቆያል። ልጅየው የገቢ መጠን ማሟላት አለበት፣ ቢያንስ የ100 ሺህ የካናዳ ዶላር የጤና መድን ለአንድ ዓመት መግዛት አለበት፣ የጤና ምርመራም አለ። ውድ ነው፤ ግን ቢያንስ ነገሩን በስሙ ጠርተውታል፣ አያት የልጅ ልጇ ጋ መቆየት እንደምትፈልግ ሕጉ ያውቃል። አውሮፓ በሼንገን ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፣ አለቀ። በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2016 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የብዙ ጊዜ መግቢያ አይሰጥም፣ መልስ የመስጫው ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ቲኬት ቀድማችሁ አትቁረጡ።

የጤናውን ነገር ደግሞ ሰው ይንቀዋል። እማዬ ደም ግፊት አለባት። ለጎብኚ የሚሸጡት የጤና መድኖች ብዙዎቹ ቀድሞ የነበረን በሽታ አይሸፍኑም፤ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። መድኃኒቷን ለሙሉ ቆይታዋና ለተጨማሪ ሁለት ሳምንት፣ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ የሐኪም ማዘዣ ጋር፣ በእጅ ሻንጣ። ሽሮውና በርበሬው በትልቁ ሻንጣ ይግባ፤ ሲደርሱ ምግብ መያዛቸውን ያስመዝግቡ። ቋንጣ ግን ተዉ፣ ይወሰዳል። እንግሊዝኛ ለማይችሉ እናቶች ዊልቸር ጠይቁላቸው፤ እግራቸው ደህና ቢሆንም። እማዬ «ሽባ ሊያደርጉኝ ነው እንዴ?» ብላ ስቃለች።

ከእህቴ ጋር የተነጋገርነው ባለፈው እሑድ ነው። እማዬን አጠገቤ አስቀምጬ ደወልኩ። ከባድ ነበር። እህቴ «ጥር ላይ ሥራ ስገባ ማን ይይዝልኛል?» ብላ አለቀሰች። እኔ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። እማዬ ግን ዝም ብላ ሰምታ፣ «አርስሻለሁ፣ ገንፎሽን አገነፋለሁ፣ ልጁን አጥቤ አሳይሻለሁ። የዕቁብና የእድር ክፍያዬን ወንድምሽ ይይዝልኛል። ሱቄን ግን ማንም አይዝልኝም» አለቻት። እህቴ ስልኩን ዘጋች። ሁለት ቀን ዝም አለች።

ረቡዕ ሌሊት መልእክት ላከች። «መመለሻዋን ለጥር 2 አድርገው። ገናን ከእኛ ጋ ትዋል።» ከመስከረም 25 እስከ ጥር 2፣ ሦስት ወር ከሳምንት ገደማ። እማዬ በጣቷ ቆጠረችና «የጎጃሙ ይደርስብኛል» አለች። የምንጃሩ ቀድሞ ስለሚገባ አሁንም ቅር ይላታል፣ ግን ተስማማች።

ፎርም የምታስሞሉ እንደተለመደው ቅዳሜ ከሰዓት እህል በረንዳ ሱቁ ጋ አለሁ፤ ሻይ በእናንተ። ስታመጡ ግን ባለጉዳይዋን እናት ይዛችሁ ኑ። እስካሁን ለልጅ ነበር የምሞላው፤ ከአሁን በኋላ «ስንት ወር መቆየት ይፈልጋሉ?» የሚለውን ጥያቄ ለእሳቸው ነው የማነበው።