ዝም ሲነቅዝ

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት በቡና ጥላ ሥር ያደገ ልጅ፣ ከፊደል አስቀድሞ ቀዩን እሸት ቡና ከአረንጓዴው መለየት ይማራል። ያልቀላው ፍሬ ከቀላው ጋር ቢቀላቀል ጣዕሙን እንደሚያበላሽ ታላላቆቹ በለቀማ ወቅት እያሳዩ ነግረውታል። ቀልድን ከማዋረድ፣ ተግሣጽን ከስድብ መለየትንስ ማን አስተማረው?

ዕለት ዕለት በማይወደው ቅጽል ስም የሚጠራ፣ በአነጋገሩ የሚሣቅበት፣ ከጨዋታ የሚገለል ልጅ የሚታይ ቁስል የለውም። ስለዚህ «ቻለው» እንለዋለን። ከጅማ አልፎ በከፋ ደግሞ የማንጃ ማኅበረሰብ ልጆች በትውልዳቸው ሲናቁና ሲገለሉ ኖረዋል። እንዲህ ያለው ንቀት ከዕድሜው ብዛት ልማድ ስለሚመስል፣ የሚንቀውም የሚናቀውም ልጅ ከቤቱ ተምሮት ይመጣል።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ19ኛው አንቀጹ ልጅ ከአካላዊም ከአእምሯዊም ጥቃት እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ድንጋጌው ግን ለልጁ አንደበት አይሰጠውም፤ አንደበት የሚሰጡት ወላጅና መምህር ናቸው። ልጅ «ይህ ቃል ያመኛል፤ አቁም» ማለትን፣ ስድብን በስድብ አለመመለስን፣ ለሚያምነው ታላቅ መናገርን ይማር። ባልንጀራው ሲዋረድ ያየውም አብሮ ከመሣቅ ይልቅ ከጎኑ መቆምን ይማር። እኛም ሊነግረን ሲመጣ «አንተስ ምን አድርገህ ነው?» ብለን አፉን አንዝጋው።

አበው «ዝም አይነቅዝም» ብለዋል። ምክሩ አንደበቱን መግታት ላለበት አዋቂ ይስማማል። የተዋረደ ልጅ ዝምታ ግን ይነቅዛል፤ ከውጭ ሲያዩት ደኅና የሚመስል፣ ሲፈለፍሉት ግን ነቀዝ የጨረሰው ፍሬ ይሆናል።