ብራይተንን የሚያይ ሰው ከምን ይጀምር?

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ነገር ግን አገር ያየ ሁሉ እኩል አይቶ አይመለስም፤ አንዱ የበላውንና የተጫወተውን ብቻ ሲያወራ፥ ሌላው የሰውን ሥራና የዘመኑን ታሪክ በልቡ ይዞ ይገባል። እኔም ባለፈው ዓመት በክረምቱ ዕረፍት ለንደን ከምትኖረው አክስቴ ጋር ሦስት ቀን ስለ ቆየሁባት ስለ ብራይተን ያለኝን አሳብ ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ለመግለጥ እወዳለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍሁት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ብራይተን ከለንደን በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባሕር ዳር የተቆረቆረች ናት። ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ1750ዎቹ ዓመታት ሪቻርድ ራስል የሚባል ሐኪም የባሕር ውሃ መታጠብና መጠጣት ለጤና ይበጃል ብሎ ስላስተማረ ባለጸጎች ይጎርፉባት ጀመር። በ1841 የባቡር ሐዲድ ከለንደን ሲደርስላት ደግሞ ድኻውም ሠራተኛ ለአንድ ቀን መጥቶ ባሕሩን አይቶ መመለስ ቻለ። በ2000 ከጎረቤቷ ከሆቭ ጋር አንድ ላይ የታላቅ ከተማነት ማዕረግ ተሰጣት።

ወደ ብራይተን የሚሄድ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጠው ወደ ፓላስ ፒር ነው። ይህ በ1899 የተከፈተ፥ በብረት ምሰሶዎች ላይ ቆሞ 525 ሜትር ያህል ወደ ባሕር የገባ፥ የመጫወቻ መኪናዎች የሞሉበት መዝናኛ ነው። የአክስቴም ልጆች የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ እዚያ እንዋል ባሉ ጊዜ አክስቴ፥ «ልጆቼ፥ ሳንቲም የሚበላ መኪና እቤታችንም አጠገብ አለ፤ ሌላ ቦታ የሌለውን አስቀድሙ» አለቻቸው። የእኔም አሳብ ይኸው ነው። ጨዋታን አልጠላም፤ ነገር ግን ብራይተንን የሚያይ ሰው መጀመሪያ ማየት የሚገባው ሕዝቡ ገንዘቡን አውጥቶ ለራሱ ያስቀረውን ነገር ነው እላለሁ።

ይኸውም ሮያል ፓቪሊየን የሚባለው ቤተ መንግሥት ነው። በኋላ ንጉሥ ጊዮርጊስ አራተኛ የተባለው አልጋ ወራሽ በ1783 ወደ ከተማይቱ ከመጣ በኋላ ወደዳትና ቤት ያዘ፤ ከ1815 ጀምሮም ጆን ናሽ የሚባለው የሕንጻ ሊቅ ዛሬ በምናየው መልክ ሠራው። ጉልላቶቹ የሕንድን ቤተ መንግሥት ይመስላሉ፤ ውስጡ ግን በቻይና ሥዕልና ጌጥ የተዋበ ነው። በግብር አዳራሹ ጣራ ላይ አንድ ትልቅ ዘንዶ አንድ ቶን ያህል የሚመዝን ፋና አንጠልጥሎ ይታያል። እኔ ከሥሩ ስቆም ወድቆ እንዳይጨፈልቀኝ ሰግቼ ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው፥ «ሕዝብ እየተራበ አልጋ ወራሽ በብድር የሠራው ቤት ምኑ ይደነቃል?» ብለው ተከራከሩኝ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። ሰውየው ገንዘብ አባካኝ ነበር፤ በ1787 ዕዳውን የከፈለለት ፓርላማው ነው። ነገር ግን እኔ የማደንቀው የሠራውን ሰው ሳይሆን ያዳኑትን ሰዎች ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ቤቱን ስላልወደደችው ለመሸጥ ባሰበች ጊዜ፥ መፍረሱ እንደማይቀር ይታይ ነበር። የከተማው ሰዎች ግን ተከራክረው በጠባብ የድምፅ ብልጫ ወሰኑና በ1850 በ53,000 ፓውንድ ገዙት። የአንድ ሰው ቅንጦት የነበረው ያን ጊዜ የሁሉ ሀብት ሆነ።

የተጠበቀ ቤት ባልታሰበ ቀን ይጠቅማል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ1914 መጨረሻ እስከ 1916 መጀመሪያ ድረስ ይኸው ቤት የቆሰሉ የሕንድ ወታደሮች ሆስፒታል ነበር። ለየሃይማኖታቸው ልዩ ልዩ ወጥ ቤት ተሰናድቶላቸው ነበር። ከሞቱት ውስጥ 53 የሂንዱና የሲክ ወታደሮች ከከተማው ውጭ በኮረብታ ላይ እንደ ሥርዓታቸው ሬሳቸው ተቃጠለ፤ በስፍራውም በ1921 ቻትሪ የሚባል የነጭ እብነ በረድ መታሰቢያ ቆመላቸው። በባዕድ ጦርነት፥ አገራቸውን ለያዘው መንግሥት ሲሉ የሞቱትን ሰዎች እያሰበ በዚያ ዝም ብሎ የሚቆም ተማሪ ከብዙ መጽሐፍ የማያገኘውን ይማራል።

ያልተጠበቀስ ምን ይሆናል? መልሱ እዚያው ባሕር ውስጥ ቆሞ ይታያል። ዌስት ፒር የሚባለው ሌላው መዝናኛ በ1866 ተከፍቶ ብዙ ዘመን ሰው ሲደሰትበት ኖረ፤ በ1975 ተዘጋ። ይታደስ እየተባለ ዓመታት አለፉ፤ በ2002 ከፊሉ ፈረሰ፥ በ2003 ደግሞ ሁለት ጊዜ እሳት በላው። ዛሬ የቀረው ዝገት የበላው የብረት አጽም ነው። ሰዎች ፎቶግራፍ ያነሡታል፥ ውብ ነውም ይላሉ፤ ለእኔ ግን «ነገ እናደርገዋለን» የማለት ሐውልት መስሎ ታየኝ።

ከዚህ በኋላ መዝናናት ይገባል። ጠጠር በሆነው ዳርቻ በነፃ መቀመጥ፥ ሌንስ በሚባሉት ጠባብ የጥንት መንገዶች መዘዋወር፥ ደግሞም ማግኑስ ቮልክ በ1883 በሠራው፥ እስከ ዛሬ ከሚሠሩት የዓለም የኤሌክትሪክ ባቡሮች ሁሉ አንጋፋ በሆነው ትንሽ ባቡር በባሕሩ ዳር መሄድ ደስ ያሰኛል። ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ደግሞ በስተምዕራብ ወዳለችው ወደ ዎርዚንግ ቢሻገር መልካም ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደታቸው ዘመን በ1936 በዚያ ዋርንስ በሚባል ሆቴል ተቀምጠው ነበርና።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ አገር የማየት ዕድል ሲገጥማችሁ «ምን አለ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «ይህን ማን ጠበቀው? ስንትስ ከፈለበት?» ብላችሁ ጨምሩ። ወላጆችም ለልጆቻችሁ ጉዞ የምታወጡት ገንዘብ ከንቱ እንዳይቀር፥ ሲመለሱ የጠየቃችኋቸው ስለ ገዙት ዕቃ ሳይሆን ስለዚህ ይሁን።