የሳጅኑ ቁጣ

የዛሬው ጠያቂያችን ከወደ እስቴ ነው። ፖሊስ ነው፤ በቅርቡ ሳጅን ሆኖ ከሥሩ ሰዎች ገብተውለታል። «ስቆጣ ራሴን አላውቀውም። ትናንት አንዱን ልጅ በሰው ፊት ሰደብኩት። ጠመንጃውን አንግቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ሲወጣ ሳየው ደነገጥኩ» ይላል።

መደንገጥህ ደግ ነው ወንድሜ። እኔም ደንግጫለሁ። ያ ልጅ ንዴቱን የት የሚያራግፈው ይመስልሃል? አንተ ላይማ አይችልም። ገበያ መውጫ ላይ ያገኘው ገበሬ ላይ ነው እንጂ!

ፈረንጆቹ ለዚህ ሥልጠና አላቸው፤ በእኛ አፍ የስሜት ብልህነት ብንለው ያስኬዳል። ሳሎቬይና ሜየር የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 ጻፉበት፤ ጎልማን ደግሞ በ1995 በመጽሐፉ ዓለም እንዲያውቀው አደረገ። በአንዳንድ አገር ለፖሊስ አለቆች ይሰጣል። ነገሩ ቁጣህ ሲመጣ «ይኸው መጣ» ብሎ ማወቅ፣ አፍን ከዚያ በኋላ መክፈት ነው።

የእናንተ አገር ሰው ግን ይህን መቼ አጣው? ጋይንት ይሁን ስማዳ፣ ሁለት ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ አላፊ አግዳሚው «በሕግ አምላክ!» ካለ መቆም ነበር። ሽማግሌም ትኩስ ጠብ አይዳኝም፤ «ይደር» ይላል። አንተም ተግሣጽህን አሳድረው፤ ሲነጋ ለብቻው ጥራው። ሕገ መንግሥቱ እኮ በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው እንኳ ሰብአዊ ክብሩ እንዲጠበቅ ይላል። ባልደረባህ ከእስረኛ ሊያንስ ነው እንዴ?

ለትናንቱ ግን ይቅርታ በለው፤ ማዕረግ አያስገፍፍም! ነገ ከጠዋቱ ሰልፍ በፊት አግኘው። ምን እንዳለህ ጻፍልኝ።