ስለ ገና ጨዋታ፤ ስለ ተጫዋቾቻችንና ስለ መሪዎቻቸው

በዚህ ግቢ ውስጥ የእንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ቡድኖችን ተጫዋቾች ከነተጠባባቂዎቻቸው በስም የማይዘረዝር ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ማን እንደ ተሸጠ፥ ማን እንደ ተገዛ፥ አሠልጣኙ ለምን እንደ ተባረረ በምግብ ወረፋ ላይ ሳይቀር ክርክር ይደረግበታል። ይህን አንቃወምም፤ ጨዋታ የሚወድ ወጣት ጤነኛ ወጣት ነው። የምንቃወመው ይኸው ወጣት የገና ጨዋታ ሲነሣበት «እርሱማ የባላገር ዱላ ነው» ብሎ ነገሩን በሣቅ መዝጋቱን ነው። ዘንድሮ ማን በረታ፥ ማን መረጠው፥ ለመጪው ዓመት ተስፋ የሚጣልበት ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልተገኘም። ስለዚህ ከደብረ ኤልያስ የመጣን ተማሪዎች፥ ከብቸናና ከሞጣ ከመጡት ወንድሞቻችን ጋር ስንነጋገርበት የቆየነውን አሳብ በመጽሔታችን ለማቅረብ ተነሣን።

ጨዋታውን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ባጭሩ እንንገረው። ገና የልደት በዓል መጠሪያ ብቻ ሳይሆን በዚያ በዓል የሚደረገው ጨዋታም ስም ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ፥ አንዲት ድቡልቡል ጥንግ፥ ሰፊ ሜዳና ሁለት ወገን፤ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ጥንጊቱን በሌላው ስፍራ ሩር ይሏታል፤ ከጠንካራ እንጨት ተጠርባ ወይም ከቆዳ ተድቦልቡላ ትሠራለች። ከመካከል ትጣልና እያንዳንዱ ወገን እየመታ ወደ ተቃራኒው ዳርቻ ለማድረስ ይታገላል። ላይ ቤት ከታች ቤት፥ ያገባው ካላገባው፥ መንደር ከመንደር ይጋጠማል። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ናቸው፤ ቅልጥሙን የተመታም ቂም አይዝም። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድበዋል፤ ተሰዳቢውም አብሮ ይስቃል። ፈረንጆች ሆኪ ከሚሉት ጨዋታ ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኑን ሁለቱን ያየ ሁሉ አይስተውም።

እንግዲህ ወደ ተጫዋቾቻችን እንምጣ። ተመልካች ሁሉ የሚያደንቀው ኃይለኛውን መቺ ነው። ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ ሲያሳርፈው ጥንጊቱ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ትበራለች፤ እልልታውም ይቀልጣል። ነገር ግን እናስተውል። ጥንጊቱ ወዴት ሄደች? ብዙውን ጊዜ የሄደችው ወደ ባላጋራው ዱላ ነው። ጉልበቱ ሳይታዘንለት ያለፈ መቺ ለዘፈን እንጂ ለድል አይበጅም። በእኛ አስተያየት የቡድን ልብ ያ አጠር ያለው፥ ጥንጊቱን ከዱላው ጫፍ ሳይለይ እየገፋ በሦስት ሰዎች መካከል ሾልኮ ለባልንጀራው የሚያቀብለው ልጅ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች በየመንደሩ አንድ ሁለት አይጠፉም፤ ግን በትልልቆቹ ጩኸት ተውጠው ይቀራሉ።

ዳርቻ የሚጠብቀውም እንዲሁ ነው። ሌላው ሁሉ ጥንጊቱን ተከትሎ እንደ ንብ መንጋ ሲተም እርሱ ብቻውን ከኋላ ቆሞ ይቀራል። ጥንጊቱን ሲመልስ ማንም አያየውም፤ አንዲት ጊዜ ሲያመልጠው ግን የበዓሉ ስድብ ሁሉ የእርሱ ነው። ቡድን የሚፈርሰው ከኋላው ነውና እንዲህ ያለውን ሰው ማክበር ብንለምድ ብዙ ጨዋታ እናሸንፍ ነበር።

ነባሮቹን በሚመለከት በግልጽ እንናገር። ከብዙ ዓመት በፊት በመቱት ምት ዛሬም ስማቸው የሚጠራ ሰዎች አሉ። እናከብራቸዋለን። ይሁን እንጂ ድሮ የተመታ ምት ዛሬ ጥንግ አይመልስም። ትንፋሻቸው ከአጋማሽ በፊት እያለቀ ቦታውን አንለቅም ማለታቸው ራሳቸውንም ወገናቸውንም ይጎዳል። ዕውቀታቸው ለልጆቹ ቢተላለፍ ግን ከጉልበታቸው ይልቅ ይጠቅማል።

ከዚህ ላይ የተስፋው ነገር ይመጣል። የነገው ተጫዋች ዛሬ ያለው ከብት ጥበቃ ላይ ነው። አዝመራው ተነሥቶ ማሳው ገላጣ ሲሆን እረኞቹ ከበዓሉ አስቀድመው ዱላቸውን ቆርጠው ይለማመዳሉ። የሚያሠለጥናቸው የለም፤ የሚመዝናቸው የለም፤ የትልልቆቹን ከባድ ጥንግ እየመቱ እግራቸው ይሰበርና እናታቸው ከጨዋታው ታግዳቸዋለች። ተሰጥዎ እንዲህ ባክኖ ሲቀር ዕድል ጎደለው እንላለን፤ የጎደለው ግን ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱን ከሩቅ ፍለጋ መሄድም አያስፈልገንም። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት። በቅኔ ቤት ግስ ያልገሰሰ፥ ከጉባኤ ቃና ያልጀመረ ተማሪ መወድስ ልቁጠር አይልም። መምህሩም የባለጸጋ ልጅ ነው ብለው ደረጃውን አያዘልሉትም። የተሳሳተው በጉባኤው ፊት ይታረማል፤ የበሰለው አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያስተምራል። አባቶቻችን ለቃል ጨዋታ ይህን ያህል ጥብቅ መሰላል ከሠሩ፥ እኛ ለእግርና ለእጅ ጨዋታ መሰላል መሥራት እንዴት ያቅተናል? ለትንንሾቹ ቀላል ጥንግና አጭር ሜዳ፥ ለመካከለኞቹ የሚመጥናቸው፥ ከዚያም ወደ ትልልቆቹ መሸጋገር፤ ይኸው ነው።

አሁን የአመራሩን ነገር እንመልከት፤ ዋናው ቁስላችን ከዚህ ላይ ነውና። በጥንቱ ልማድ ቡድን ሲከፈል ሁለት የቡድን አባቶች ይቆማሉ። በጉልበት የሚመጣጠኑ ሁለት ሁለት ልጆች ተቃቅፈው ለብቻቸው ይነጋገሩና የምሥጢር ስም ለየራሳቸው ያወጣሉ፤ አንደኛው ወርቅ ሌላው ብር ይባላል እንበል። ከዚያ ወደ አባቶቹ ቀርበው «ወርቅ ትሻለህ ወይስ ብር?» ይላሉ። የመረጠው የመረጠውን ይወስዳል፤ ማን እንደሆነ ግን አስቀድሞ አያውቅም። እነሆ፥ ዘመድ ለዘመዱ የማያደላበት፥ ሁለቱ ወገኖች የሚመዛዘኑበት ብልሃት በልጆች እጅ ነበረ!

ጨዋታው ከመንደር ወጥቶ ወደ ውድድር ሲሄድ ግን ይህ ብልሃት ይረሳል። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፥ ከገበጣ፥ ከቀስትና ከፈረስ ጉግስ ጋር በአገር አቀፍ ውድድር ውስጥ ማስገባቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ውድድሩ የሚያምረው ቡድኑ ከሥር በትክክል ሲመረጥ ነው። አንድ ጊዜ ከእኛ ወገን ለውድድር የተላከ ቡድን አይተናል፤ የላከውን መሥሪያ ቤት ስም አንጠራም። ከተመረጡት መካከል በበዓል ቀን ሜዳ ላይ ታይተው የማያውቁ ነበሩበት። በዚያ ዓመት ሁሉ ያደነቀው ግራኝ እረኛ ግን መታወቂያ የለውም ተብሎ ቀረ። ቡድኑ የተሰበሰበው ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ አበሉን ለመፈረም ከተጫዋቹ ይልቅ ሸኚው ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ተሸንፈው ሲመለሱም «ልጆቹ ወኔ የላቸውም» ተባለ። ወኔ የጎደለው በእውነት ከልጆቹ ነውን?

ይህ የገና በሽታ ብቻ አይደለም፤ እግር ኳሳችንም ታሞበታል። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ ቡድኑ ለፍጻሜ ከግብፅ ጋር ሁለት ጊዜ ተመርቶ፥ ሁለት ለሁለት አቻ ሆኖ፥ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ። ሉቻኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ፥ መንግሥቱ ወርቁና ግርማ ተክሌ ያስቆጠሯቸው ግቦች የሚታወሱትን ያህል፥ ቡድኑን የመራው ይድነቃቸው ተሰማም ሊታወስ ይገባል። ተጫዋች የነበረ፥ ተጫዋች የሚያውቅ፥ ኋላም ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት የመራ ሰው ነበረ። ችሎታና አመራር አንድ ላይ ሲገኙ የሚሆነው ይህ ነው።

ሲለያዩ የሚሆነውንም አይተናል። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በበቃበት በዚያው ዓመት፥ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን ካሸነፈ በኋላ ሦስት ነጥብ ተቀማ። ምክንያቱም በቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች በመሰለፉ ነው። ተጫዋቾቹ በሜዳ ላይ በላብ ያገኙትን፥ ሁለት ካርድ መቁጠር ያቃተው ጽሕፈት ቤት አስወሰደው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ «በሜዳው» ተጫወተ የተባለው በማላዊ ከተማ በሊሎንግዌ ነው፤ ለምን ቢሉ ኮንፌዴሬሽኑ የሚቀበለው ስታዲየም በአገራችን ስላልነበረ ነው። ልጆቹ ሥራቸውን ሠርተው ነበር።

«ገና ከመንደር ጨዋታነት አያልፍም» ለሚሉን የአየርላንድን ሕዝብ እናሳያቸው። እነርሱም ሀርሊንግ የሚሉት ከገና ጋር የሚመሳሰል የዱላና የጥንግ ጨዋታ አላቸው። በ1877 ዓ.ም. ማኅበር አቋቁመው ደንብ ጻፉለት፤ ተጫዋቹ ከአጥቢያው ክለብ ተነሥቶ እስከ አውራጃው ቡድን ይደርሳል፤ ዛሬም ደመወዝ አይከፈለውም። የደብሊኑን የፍጻሜ ጨዋታ ግን 80 ሺህ ያህል ሕዝብ ሜዳ ገብቶ ያየዋል። ዩኔስኮም በ2011 ዓ.ም. ጨዋታውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ሕንድ በሆኪ 8 ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች። ጎረቤታችን ኬንያ በ1964 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የሆኪ የዓለም ዋንጫ 4ኛ ወጥታለች። ዱላና ጥንግ ይዞ ያደገ የጎጃም እረኛ ከእነዚህ በምን ያንሳል?

«አደገኛ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ መድኃኒቱ ግን መተው ሳይሆን ዳኛና ልክ ያለው ደንብ ማበጀት ነው። «እኅቶቻችንስ?» ብላ የምትጠይቅ ብትኖር ጥያቄዋ ተገቢ ነው እንላለን። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የሴቶች የኦሊምፒክ ሆኪ ወርቁን የወሰዱት የዚምባብዌ ሴቶች ነበሩ። ሴት ልጅን ከሜዳው ዳር ለእልልታ ብቻ ማቆም የልማድ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደውን ነገር ለመጨረሻ አቆይተነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መክረማቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ደወል የማይሰማ ልጅ፥ ጓደኛውን የማያይ ልጅ፥ የሚማረው ከሚሰማው የተኩስ ድምፅ ነው። ገና ግን ዱላ ይዞ ከጎረቤቱ ጋር መጋጠምን፥ መሸነፍን፥ መሰደብን፥ ማታም ከዚያው ጎረቤት ጋር በአንድ ገበታ መቅረብን ያስተምራል። ተጋጣሚን እንደ ጠላት ሳይቆጥሩ መግጠም የሚለመድበት ሌላ ትምህርት ቤት ለጊዜው ላጣ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ ገና ቡድን አመራር ይህን ያህል የምንከራከረውም ስለዚሁ ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። አንደኛ፥ ለውድድር የሚላክ ተጫዋች በበዓሉ ሜዳ ላይ በሕዝብ ፊት ይመረጥ፤ መራጮቹም ጨዋታውን የተጫወቱ ሽማግሌዎችና ከተጫዋቾቹ የተወከሉ የቡድን አባቶች ይሁኑ። ሁለተኛ፥ የልጆች ደረጃ ይበጅ፤ ነባሮቹም አሠልጣኝ ሆነው ይቀመጡ። ሦስተኛ፥ ለቡድኑ የወጣው ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ብር ድረስ ለተጫዋቾቹ ይነበብ። አራተኛ፥ እኛ ተማሪዎች በዓሉን አገራችን ለመዋል ስንሄድ ከሜዳው ዳር ቆመን ስልክ ከመነካካት ይልቅ ዱላ ይዘን እንግባ፤ ያየነውንም እንጻፍ።

ከደብረ ኤልያስ፥ ከብቸናም ሆነ ከሞጣ፥ ከዚያም ውጪ ካለው አገር የመጣህ ወንድማችን፥ የመጣሽም እኅታችን፥ በሚመጣው ታኅሣሥ በመንደራችሁ ጥንጊቱን ከዱላው ጫፍ የማይለያት ልጅ ማን እንደሆነ ተመልከቱና ስሙን ይዛችሁልን ኑ። የቡድኑን መዝገብ ከዚያ ስም እንጀምረዋለን።