ነገ ብታሰር ማን ይተካኛል?



ኮሚቴዎቻችን ሐምሌ 2004 ሲታሰሩ ትግሉ በዚያው ያበቃል ያሉ ነበሩ። አላበቃም። በአወሊያ የተነሳው ጥያቄ ከጁሙዓ ጁሙዓ ተሰማ። ነሐሴ 2 ቀን 2005፣ በዒድ አል-ፊጥር ዕለት፣ እዚሁ ቂርቆስ በስታዲየም ዙሪያ ዱላና እስር ሲወርድብንም ጥያቄያችን አልታጠፈም። አልሐምዱሊላህ! መሪዎቹ ቢታሰሩም በየጀመዓው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለነበረ ነው።

ዛሬስ? በቂርቆስና በካዛንቺስ ያለን ወንድሞችና እህቶች ራሳችንን እንጠይቅ። አንድ አስተባባሪ ሲታሰር፣ ሲታመም ወይም የሥራ ፈረቃው ሲቀየር ቡድኑ አብሮት ይቆማል? ስልክ ቁጥሩም እቅዱም በአንድ ሰው እጅ ከሆነ ያ ቡድን በአንድ ሌሊት ይፈርሳል። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ሸክሙን ሁሉ ለእሱ ትተን የተቀመጥነው እኛ ነን።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በሙእታ ዘመቻ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት መሪዎችን በቅደም ተከተል ሰየሙ፦ ዘይድ ኢብን ሓሪሳ፣ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ፣ ዐብደላህ ኢብን ረዋሓ። ሦስቱም ሸሂድ ሆኑ። ባንዲራውን ያነሳው ሳቢት ኢብን አቅረም ሰዎች እንዲመራቸው ቢጠይቁት አልተቀበለም፤ ለኻሊድ ኢብን አል-ወሊድ ተሰጠ። ኻሊድም ሠራዊቱን ከጥፋት አትርፎ ተመለሰ። የእኛ ትግል ሰላማዊ ነው። የምንወስደው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፦ ተተኪን አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ከራስ የተሻለውን ማስቀደም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሥራ ቢያንስ ሦስት ሰው ይወቀው። አስተባባሪ ከመወሰኑ በፊት ሹራ ያድርግ፤ በዕድሜ የሚያንሰው ቢያርመውም አይቆጣ። የቀጠረውን ሰዓት ያክብር፤ አማናውን ይጠብቅ። ጸብ ጫሪ ሲመጣ ቀድሞ የሚረጋጋው እሱ ይሁን። በጁሙዓ ሰው መሐል ጎልቶ መታየት ይቀላል፤ መሪ የሚለየው በአዘቦት ቀን የታሳሪ ቤተሰብን በር ሲያንኳኳ ነው።

ከመጪው ጁሙዓ በፊት እያንዳንዱ አስተባባሪ «ነገ ብታሰር ማን ይተካኛል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የሚጠራው ስም ከሌለው ዛሬ ከዒሻ ሶላት በኋላ ሁለት ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ሥራውን ማስተማር ይጀምር።

ትግላችን እስከ ድል ደጃፍ ይቀጥላል፣ ኢንሻአላህ!
ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!