ካፒታል የሌለው ፊደል

ገርጂ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሦስት ሰው ሲቆም የሚሞላ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። በሩ ላይ «ኦንላይን ፎርም እንሞላለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እዚያ የሄድኩት ተሸንፌ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ «ከእንግዲህ ወረፋ የለም፤ ሁሉም በድረ ገጽ ሆኗል» ሲለኝ መርቄ ነበር የወጣሁት። ምርቃቴ የቆየው ማታ ቤቴ ተቀምጬ «ፓስወርድ ፍጠር» እስክባል ድረስ ነው። የመጀመሪያው አጠረ ተባለ። አስረዘምኩት። ካፒታል ሌተር የለውም ተባለ፤ ጨመርኩ። ቁጥር፤ ጨመርኩ። ልዩ ምልክት፤ የጥያቄ ምልክት አስገባሁ። ይህ ምልክት አይፈቀድም አለኝ፤ የሚፈቀደው የትኛው እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ሁሉን አሟላሁ ብዬ ደረቴን ስነፋ ደግሞ ከ12 ፊደል በለጠ ብሎ መለሰኝ። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ በቀይ ቀለም፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥፋት ብቻ እየነገረ። «ቴምብር የለውም» ብሎ መልሷችሁ፣ ቴምብር ለጥፋችሁ ስትመጡ «ፎቶው ጀርባ ላይ ስምዎ የለም» የሚለውን የድሮ ጸሐፊ ታስታውሱታላችሁ? እሱ ጡረታ የወጣ መስሎን ነበር።

በመጨረሻ ተቀበለኝ። በስልኬ የተላከልኝን ኮድ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንዳስገባ አዘዘኝ። ኮዱ የደረሰኝ ሻይ አፍልቼ ከጠጣሁ በኋላ ነው። እንደገና ልጀምር ስል መብራት ሄደ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ከፊቴ አንድ ጡረተኛ አባት ነበሩ። ፎርም የምትሞላው ልጅ ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ እንዳለች ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ፓስወርድዎን ምን ላድርገው?»

«የልጅ ልጄን ስም አድርጊው።»

«ካፒታል ይፈልጋል።»

«ካፒታል? ካፒታል ቢኖረኝማ እዚህ ምን አመጣኝ፣ ልጄ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷም እየሳቀች የልጁን ስም የመጀመሪያ ፊደል በካፒታል አደረገች፣ ቀጥላ አት (@)፣ ቀጥላ 123። ድረ ገጹ «ጠንካራ» ብሎ አረንጓዴ አበራ። ከዚያ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ሥር ባለመስመር ደብተር አወጣችና ስም፣ ስልክ፣ ፓስወርድ ብላ መዘገበችው። በትከሻዋ በኩል አየሁት። ገጹ ከላይ እስከ ታች ስም፣ አት፣ 123 ነው። አንዱ ደፋር 321 ብሏል።

በልጅቷ አልፈርድም። ያለዚያ ደብተር ግማሹ ሰፈር ከገዛ ጉዳዩ ውጭ ተቆልፎ ይቀራል። የሚገርመኝ ሕጉ ነው። ምሥጢር እንዲጠነክር ተብሎ የወጣ ሕግ የሰፈሩን ምሥጢር በሙሉ ሰብስቦ አንድ ደብተር ላይ አስቀመጠው። ሰው ሲጨናነቅ የሚያመልጥበት መንገድ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ ካፒታሉ መጀመሪያ፣ ምልክቱ መሀል፣ ቁጥሩ መጨረሻ። ይህን እኔ ካወቅሁት ሌባው ቀድሞኝ ያውቀዋል።

ሕጉ ከየት መጣ? ፓስወርድ በኮምፒውተር ላይ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካው ኤምአይቲ ፈርናንዶ ኮርባቶ የሚመራው ቡድን አንዱን ኮምፒውተር ለብዙ ሰው ሲያጋራ ነው። የአንዱን ፋይል ሌላው እንዳይነካው፣ በቃ። ካፒታል፣ ቁጥርና ምልክት ቀላቅል፣ በየጊዜው ቀይር የሚለው ጣጣ በዓለም የተዛመተው በኋላ ነው፤ ለዚህም ትልቁን ድርሻ የያዘው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም፣ ኒስት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው መመሪያ ነው። ጸሐፊው ቢል በር ይባላል። የበር ሕግ ያወጣው ሰው ስሙ በአማርኛ «በር» ሆኖ መጻፉ የእኔ ጥፋት አይደለም። ሰውየው ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ በ72 ዓመቱ፣ በ2017 ለዎል ስትሪት ጆርናል ካደረግሁት ብዙው ዛሬ ይቆጨኛል አለ። በዚያው ዓመት ኒስት መመሪያውን ገልብጦ ጻፈው። ሰውን ቀላቅል ብላችሁ አታስገድዱ፤ የመሰረቅ ምልክት ሳይኖር በየጊዜው አታስቀይሩ፤ ቢያንስ እስከ 64 ፊደል ፍቀዱ፤ ይልቅስ የታወቁትንና የሾለኩትን ፓስወርዶች ለይታችሁ ከልክሉ። አጥሩን ያጠረው ራሱ አፈረሰው፤ እኛ ዘንድ ግን ገና እየታጠረ ነው።

ያ 12 ፊደል ያንገበግበኛል። ደህና ሆኖ የተሠራ ድረ ገጽ ፓስወርዱን እንዳለ አያስቀምጥም፤ ይፈጨዋል። ይህ ወፍጮ ግን ልዩ ነው። አንድ ቁና ጤፍ ይግባ አንድ ኩንታል፣ የሚወጣው ዱቄት ልኩ አንድ ነው፤ ዱቄቱን ደግሞ ማንም መልሶ ጤፍ አያደርገውም። እንግዲያው ረዘመብኝ የሚል ድረ ገጽ ምን አስጨነቀው? ጤፉን ሳይፈጭ ጎተራ እየከተተው እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ደግሞ ካፒታል! የእኛ ፊደል ካፒታልና ስሞል የለውም። ሀም ሀ ነው፣ ለም ለ። የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ስለቆመ የሚወፍር ፊደል የለንም። ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ የእንግሊዝኛው ኪቦርድ ካፒታሉን፣ ቁጥሩንና ምልክቱን ጨምሮ መቶ አይሞላም። ስምንት ፊደል በዘፈቀደ ብትመርጡ፣ የእኛዎቹ ለገማች ከሺህ ጊዜ በላይ ይከብዱታል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የ2017ቱ የኒስት መመሪያም የየአገሩን ፊደል ተቀበሉ፣ እያንዳንዱንም አንድ ብላችሁ ቁጠሩ ይላል። አዲስ አበባ ላይ፣ ለአዲስ አበቤ የተሠራው ድረ ገጽ ግን በአማርኛ ስጽፍለት «ያልተፈቀደ ምልክት» አለኝ። ሀ ሁን ምልክት አላት! እርግጥ ቢፈቅድልኝም ጣጣ አላጣም፤ «ፀሐይ»ን በየትኛው ፀ፣ በየትኛው ሐ እንደጻፍኳት በማግሥቱ እረሳለሁ።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በየሕንፃው ሥር የቆሙት ኤቲኤሞች የሚጠይቁን አራት ቁጥር ነው። ያለው አማራጭ 10,000 ብቻ። ገንዘባችንን ግን እናምነዋለን፤ ምክንያቱም ካርዱ በእጃችን ነው፣ ደጋግሞ የተሳሳተውንም ማሽኑ ካርዱን ይውጥበታል ወይም ይዘጋበታል። ጥበቃውን ማሽኑ ተሸክሞታል። በድረ ገጹ ግን ሸክሙ ወደ እኛ ዞረ። አንዳንድ የቦሌ ሕንፃ በር ላይ ቦርሳችንን ከፍቶ ሳያይ የሚዘጋው ፈታሽ ትዝ ይለኛል፤ ተፈትሸናል፣ ምን እንደያዝን ግን ማንም አላወቀም።

የእኔ ተራ ደርሶ ልጅቷ በአምስት ደቂቃ ጨረሰችልኝ። ደብተሩን ስታወጣ፣ «የኔን አትጻፊው» አልኳት።

«እሺ ጋሼ። ግን በሦስት ወር ቀይሩ ይላል እኮ። የድሮውን ካላስታወሱ አያስቀይርዎትም።»

ትንሽ አሰብኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በግድ የሚቀየሩ ፓስወርዶችን አጥንተው ነበር። የድሮውን ያወቀ ሰው፣ ከመቶ በ17ቱ መለያዎች ላይ አዲሱን አምስት ጊዜ ሳይሞክር ይደርስበታል። ይህን ለልጅቷ ልነግራት አሰብኩና ከኋላዬ የቆመውን ሰው ብዛት አየሁ።

«በይ ጻፊው» አልኳት።

ከአባባ መስመር ሥር ጻፈችው። በሁለታችንም ፓስወርድ አጠገብ የአንድ ጣት ያህል ክፍት ቦታ ትታለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«124 የሚጻፍበት ነዋ፣ ጋሼ።»